ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ያነሳኋት ሴት

ነገሩ የተጀመረው እሑድ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው፤ አሰብ ውስጥ ቅዳሴ አልቆ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ። ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ከተዋሐደች ጥቂት ዓመታት ቢያልፉ ነው። ባለቤቴ የከተማዋ አስተዳዳሪ ሆነው ከተሾሙ ገና ብዙ አልቆዩም ነበር። ያን ቀን የማልረሳው ምን ያህል የራሴ ሰው እንዳልሆንኩ ያወቅኩበት ስለሆነ ነው።

የተዳርኩት ከዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ እንደወጣሁ ነው። ክፍል ውስጥ እንኳ እጄን አውጥቼ መናገር የማልደፍር ነበርኩ። አሰብ ስደርስ ግን ሰው ሁሉ የሚያየኝ ሆንኩ። የጉምሩኩ ሹም ባለቤት ወይዘሮ አስካለ ከጎኔ አይጠፉም።

“እመቤቴ፣ ፈጥነው አይራመዱ። ጮክ ብለው አይሳቁ። ካባውን አያውልቁ፣ ሰው ምን ይላል?”

በዚያ ኃሩር፣ ላቤ በጀርባዬ እየወረደ፣ ካባ ደርቤ ፈገግ ማለት ነበር ሥራዬ።

ያን ጠዋት ባለቤቴ ከሹማምንቱ ጋር ቀድመው ሄደዋል። እኔ ከደጁ ስወጣ አንዲት ወጣት ሴት ከሕዝቡ መሐል ወጥታ እግሬ ላይ ወደቀች። አንገቷ ላይ ድንጋይ ተሸክማለች። ለተብርሃን ትባላለች። ከወደቡ አጠገብ፣ ከሣጥን ሳንቃና ከቆርቆሮ በተሠሩት ጎጆዎች ውስጥ የምትኖር አምባሻ ሻጭ ናት። ጎጆዎቹ ለጭነት ካሚዮኖች መንገድ ሲባል በማግስቱ ሰኞ እንዲፈርሱ ባለቤቴ አዝዘው ነበር።

“እመቤቴ፣ እህቴ አራስ ናት!” አለች። “በዚህ ፀሐይ ሜዳ ላይ ከወጣች ጨቅላው ይሞትብናል። ክርስትና እስኪነሳ ብቻ ይታገሡን። ለጌታዬ ይንገሩልን!”

ሰው ሁሉ እኔን ያያል። ጉልበቷ የጋለው አሸዋ ላይ ነው። በጣም አፈርኩ። ጎንበስ ብዬ ድንጋዩን ከአንገቷ ላይ አወረድኩና፣ “ኧረ ተነሽ፣ እባክሽ” ብዬ ክንዷን ይዤ አነሳኋት።

እልልታው ቀለጠ። “እመቤታችን ሰሙን!” እያሉ ሴቶቹ ተቃቀፉ።

ዞር ስል የወይዘሮ አስካለ ፊት አመድ መስሏል።

“ምን ሠሩ እመቤቴ? ድንጋይ የተሸከመ ሰው እኮ እሺ ሳይባል አይነሳም። አነሷት ማለት እሺ አሏት ማለት ነው።”

“ታዲያ ሰው እግሬ ላይ ወድቆ ዝም ብዬ ልለፍ?”

“ይለፉ እንጂ! እኔ ስንቱን አልፌያለሁ መሰልዎት።”

አዳሪ ትምህርት ቤት ነው ያደግኩት። ድንጋይ ተሸክሞ መለመን እንዳለ ሰምቻለሁ። ማንሳት ቃል መስጠት እንደሆነ ግን የነገረኝ አልነበረም።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ቤት ገብቷል። ባለቤቴ ምሳ ላይ አልጮሁም።

“ትእዛዜን ባጥፍ በሚስቱ የሚነዳ ይሉኛል። ባላጥፍ ቃሏን በላች ይሉሻል። የቱ ይሻልሻል?”

“የልጅቷ እህት አራስ ናት” አልኩ።

“እሱን ጠየቅኩሽ?”

“አልጠየቁኝም።”

“እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ አሞሻል። ነገ ከቤት አትወጪም።”

ከሰዓት በኋላ የጎጆዎቹ ሴቶች ለምስጋና አምባሻ ይዘው ከግቢያችን በር መጡ። እኔ ከመስኮቱ ጀርባ ቆሜያለሁ። ብከፍተው ያዩኛል፤ ስለዘጋሁት ሙቀቱ ያፍነኛል። ዘበኛው “እመቤት ታመዋል” ሲላቸው ደነገጡ። “ማርያም ትማርልን!” ብለው አምባሻውን ሰጥተውት ሄዱ። ማታ እራት ላይ ቀርቦልኝ መቅመስ አቃተኝ።

ሰኞ ጠዋት ባለቤቴ ቢሮ እንደሄዱ ነጠላዬን ተከናንቤ ወጣሁ።

“እመቤቴ፣ ታመዋል እኮ!” አለ ዘበኛው።

“ተሽሎኛል” አልኩት።

ጎጆዎቹ ዘንድ ስደርስ ከወዲያኛው ጫፍ ቆርቆሮ መነቀል ጀምሯል። ለተብርሃን ቤት ገብቼ ከአራሷ ምንጣፍ አጠገብ ተቀመጥኩ። ለተብርሃን ጓዟን እየጠቀለለች ነበር፤ ቀና ብላ አየችኝና ሰላም እንኳ አላለችኝም።

የአፍራሾቹ አለቃ ካቦው ሠራተኞቹን አስከትሎ መጣና ቆቡን አውልቆ በሩ ላይ ቆመ።

“እመቤቴ፣ ይውጡልን። ትእዛዝ አለብን።”

“አራስ ልጠይቅ ነው የመጣሁት።” ካለሁበት አልተነሳሁም። “የአስተዳዳሪ ሚስት አራስ አትጠይቅም?”

“ኧረ ትጠይቃለች!”

“ታዲያ ጠይቄ እስክጨርስ ጠብቁኝ።”

ካቦው ግራ ገባው። ወደ ቢሮ ሰው ላከ።

ያቺ ጎጆ ክርስትናው እስኪያልፍ ቆይታለች። ሌሎቹ ፈርሰዋል። ሰዎች ጎበዝ ይሉኛል፤ እኔ ግን ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል። ካቦው የፈራው እኔን አልነበረም። በራሴ ስም ብሄድ ኖሮ ከነአራሷ ጠርጎ ያስወጣኝ ነበር። ማዳን የቻልኩት ባፈነኝ በዚያው በአስተዳዳሪ ሚስትነት ስም ነው፤ ከዚያ በኋላም ስሙ አልለቀቀኝም።

ያን ሰኞ ካቦው የላከው ሰው ቢሮ እንደደረሰ ባለቤቴ ራሳቸው መጡ። ሠራተኞቹም ጎረቤቶቹም ደጁን ሞልተውታል። እሳቸው ጎንበስ ብለው ሲገቡ፣ ሕፃኑን ከእናቱ ተቀብዬ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ እጃቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። እንግዲህ እሳቸውም እንደኔ አንስተዋል።