በሁለት ከንፈሮች መሐል የገቡት አማት

መጀመሪያ ያየሁት ጆሮውን ነው። የግራ ጆሮው ጫፍ ደማቅ ቀይ የከንፈር ቀለም ነበረበት። በሞክፖ ወደብ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የሰው ጆሮ የሚስም ማን ይሆን ብዬ ተደነቅሁ። ኋላ ነው የገባኝ፤ ጋሽ ፒዮ ብሩሹን የሚጠርገው በጆሮው ነው።

ጋሽ ፒዮ የወደቡ ሲኒማ ቤት ሠዓሊ ነው። ፊልም በተለወጠ ቁጥር ከበሩ በላይ የሚሰቀለውን ጣሪያ የሚያክል ሰሌዳ ይስላል። ፖሊስ የቀሚስ ርዝመት በማስመሪያ በሚለካበት በዚያ ዘመን፣ ባሏ የሞተባት ሴት ከመርከብ መካኒክ ጋር የምትፋቀርበት ፊልም አንድ ሳምንት መጣ። የሴኡል ሳንሱር መሳሳሙን ቆርጦታል፤ ፊታቸውን ሲያቀራርቡ ድንገት መርከብ ያልፋል። እንደገና ሲቀራረቡ፣ እንደገና መርከብ። ጋሽ ፒዮ ግን ሰሌዳው ላይ አሟልቶ ሳላቸው። ከንፈራቸው ብቻ በር ያክላል። ገጣሚ ነኝና፣ ቆሜ ሳየው ባሕሩ ራሱ ያፈረ መሰለኝ።

ሳጅን ናም ደረሰ። ሲኒማ ቤቱ ውስጥ ከኋላ ባለው የፖሊስ ወንበር ተቀምጦ ፊልም የሚቆጣጠረው እሱ ነው።

«ፊልሙ ውስጥ የሌለ መሳሳም እዚህ ምን ይሠራል?»

«ከዚያ የተቆረጠው ነው ጌታዬ። እንዳይባክን ብዬ ነው።»

«አትቀልድብኝ! እስከ ከሰዓቱ ፊልም ድረስ መሐላቸው ጨዋ ነገር ካልገባ ሲኒማ ቤቱ ይታሸጋል። አንተም ከነገ ጀምሮ ለአይጥ ማጥፋት ዘመቻ ማስታወቂያ አይጥ ስትስል ትውላለህ።»

ጋሽ ፒዮ ፊቱ አመድ መሰለ። ዕድሜውን ሙሉ የቆንጆ ሰው ፊት የሳለ እጅ፣ አይጥ!

በመጀመሪያ ፊታቸው ላይ ዣንጥላ ሳለ። ባሰበት።

«ጉድ ነው!» አለች ደረቅ ዓሣ የምትሸጠው ቦንግሱን። «ከዣንጥላው ኋላ ልብሳቸውንም ሳያወልቁ አልቀሩም!»

ሰዉ ተንጋግቶ ዣንጥላውን ከጎን ለማየት አንገቱን ያጣምም ጀመር። እኔም አጣመምኩ።

ጋሽ ፒዮ ዣንጥላውን አጠፋና መሰላሉ ላይ ቆሞ «ጨዋ ነገር... ጨዋ ነገር...» እያለ አሰበ። ከዚያ የተጠቀለለ ሽበታቸውን በብር መርፌ ያስያዙ አሮጊት መሐል ላይ ሳለ። የሴትየዋ አማት መሆናቸው ነው፤ የሟች ባሏ እናት። ከአማት የበለጠ ጨዋ ከየት ይመጣል? የፍቅረኞቹን ከንፈር ለማጥፋት ግን አልጨከነም። ስለዚህ አንዱ በቀኝ፣ አንዷ በግራ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው የአማትየዋን ጉንጭ ይስማሉ።

ሳጅን ናም ሽቅብ አይቶ አይቶ፣ «ይሄ... ምንድን ነው?» አለ።

«ለእናት ክብር ነው ጌታዬ። ላጥፋቸው?»

እናት አጥፋ ብሎ የሚያዝ ፖሊስ አገራችን አልወለደችም። ጥርሱን ነክሶ ገባ።

አማት የምትከበርበት ፊልም መጣ ተብሎ የሞክፖ አሮጊቶች ጎረፉ። ከፊልሙ በፊት ለሚሰማው ብሔራዊ መዝሙር ተነሡ፣ ተቀመጡ፣ መርከቦቹን አንድ በአንድ አዩ። መብራት ሲበራ አንዲት ምርኩዝ የያዙ እናት ጋሽ ፒዮን በሩ ላይ ያዙት።

«አንተ ልጅ፣ አማትየዋ የታሉ?»

«ሳይቆረጡ አልቀሩም፣ እማማ።»

«ማን አባቱ ነው የቆረጣቸው?»

ጋሽ ፒዮ ወደ ፖሊሱ ወንበር ዓይኑን ጣል አደረገ።

ከእናትየዋ ቀድሞ ምርኩዛቸው ሳጅኑ ጋ ደረሰ። «አማት ትቆርጣለህ? እናት አልወለደችህም? ሚስትህንስ ማን መረጠልህ?» ሌሎቹም ከበቡት። ሳጅን ናም ኮፍያውን ጨብጦ እየሮጠ ወጣ።

«ፒዮ! አሮጊቷን አንሣልኝ!»

«በምትካቸው ምን ላስገባ ጌታዬ?»

«ምንም! እንደ ፊቱ ይሁን! በቃ ይሳሳሙ!»

ጋሽ ፒዮ መሰላሉን አነሣ።

«ጋሼ፣ ልያዝልዎት?» አልኩት።

«አንተ ገጣሚ ነህ። ወሬ ላይ ትደነቅና ትለቀዋለህ» አለኝና መሰላሉን በትከሻው ተሸክሞ፣ አሮጊቶቹ ጎንበስ እያሉ መንገድ ሲለቁለት፣ ወደ ሰሌዳው ሄደ።