ልጄ እንደማትሰማ ያወቅሁ ዕለት

የመጀመሪያ ልጄን ሱሉልታ ስወልድ ሃያ ዓመቴ ነበር። ልጅቷ አትነጫነጭም፤ በር ቢንኳኳ፣ ውሻ ቢጮህ አትባንንም። ሰው ሁሉ «ምን ዓይነት ጨዋ ልጅ ነው የሰጠሽ» ሲለኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ስምንት ወር እንደሞላት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በረዶ ጣለ። የቆርቆሮው ጩኸት አያነጋግርም። ሰባት ልጅ ያሳደጉ አሮጊት ጎረቤቴ ሊጠለሉ ገቡ። ልጄ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ በእንጨት ማንኪያ ትጫወታለች፤ ቀና እንኳ አላለችም። ሴትዮዋ አተኩረው አዩዋት። በረዶው ሲያባራ ድስት አንስተው ከኋላዋ ቆሙና በጭልፋ መቱት። እኔ ደንግጬ ዘለልኩ፤ እሷ ማንኪያዋን መላሷን አልተወችም።

«ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ሲያዝኑልኝ በኦሮምኛ ነበር ልጄ የሚሉኝ። «ይቺ ልጅ አትሰማም።»

ስምንት ወር ሙሉ እሹሩሩ ያልኩት ለማን ነው?

አስተማሪው ባለቤቴ ከሥራ ሲመለስ ነገርኩት። አላመነኝም። ከኋላዋ ሆኖ መዳፉ እስኪቀላ አጨበጨበ፤ ከዚያ ከአጠገቧ ቁጭ አለ።

አዲስ አበባ ወስደን ያሳየናት ሐኪም ጆሮዋ እንደማይድን ነገረን። «አእምሮዋም ወደኋላ ሊቀር ይችላል» ብሎ ጨመረ። እኔም አመንኩት። ከዚያ በኋላ አጠባታለሁ፣ አበላታለሁ፣ ግን አላወራትም። ምን ዋጋ አለው ብዬ አፌን ዘጋሁ።

ወር ያህል እንዲህ ከቆየን በኋላ፣ አንድ ጠዋት በማንኪያዋ ብርጭቆ ስትመታ ቀማኋትና ነጠላዬ ሥር ደበቅሁት። ዳዴ ብላ መጣች፣ ነጠላውን ገለጠች፣ ማንኪያዋን ወሰደች። ከዚያ ዓይን ዓይኔን እያየች ደረቷን በመዳፏ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገች።

ደርቄ ቀረሁ። ላጠባት ስል ደረቴን እንዲያ የምመታው እኔ ነኝ፤ ልማድ ሆኖብኝ ራሴም አላውቀውም ነበር። ደገመችው። አጠባኋትና ታቅፌያት ወደ ጎረቤቴ ሮጥኩ።

«ጡት ስጪኝ አለችኝ» አልኳቸው።

«በምን?»

አሳየኋቸው። አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። «ታዲያ ተናገረች እኮ! አንቺስ ምን መለስሽላት?»

ምንም። ለአንድ ወር ምንም። ያን ቀን ያለቀስኩት ልጄ እንደማትሰማ ካወቅሁበት ዕለት ይበልጣል።

ከዚያ ወዲያ ለውኃ፣ ለድመት፣ ለአባቷ፣ ለሁሉም ምልክት አበጀንለት። ሦስት ዓመት ሲሞላት አባቷ «አሁን ደግሞ ምን አለችኝ?» እያለ እኔን ይጠይቀኝ ነበር።