ግንቡን ተከትሎ

እሸቴ የቂርቆስ ልጅ ነው። ከናይሮቢ ስደት ወጥቶ ሚኒሶታ ከገባ ወዲህ ሥራው አረጋውያን መንከባከብ ነው፤ ሴንት ፖል ውስጥ፣ ከዩኒቨርሲቲ አቬኑ ወረድ ብሎ ባለ ቤት። እዚያ ካሉት ሁሉ አንጀቱን የሚበሉት አባባ ኦቶ ናቸው። ማዳላት ነውር ነው፤ ግን ማን ይሙት፣ ያዳላል።

አባባ ኦቶ ጀርመናዊ ናቸው፤ የመርሳት ሕመም አለባቸው። ቁርስ መብላታቸውን አያስታውሱም፣ የተወለዱባትን ከተማ ግን ድንጋይ በድንጋይ ያውቋታል። ዙሪያዋ ግንብ ነው፤ ቤቶቿ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈዋል፤ ጠባቧ መንገድ ሁሉ ተጠማዝዞ ተጠማዝዞ ቤተ ክርስቲያኑ አደባባይ ላይ ይወጣል። አያታቸው ያወሩላቸውን የጥንት ነገር ከራሳቸው ዘመን ጋር ቀላቅለው፣ ፀሐይ ስትገባ የግንቡ በር ይዘጋል፣ የዘገየ ሜዳ ላይ ያድራል ይላሉ።

በጥር አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እሸቴ አስቤዛ ሲያስገባ፣ አረጋውያኑ ብቻቸውን እንዳይወጡ የተገጠመው የበሩ አላርም ጆሮውን በጠሰውና አጠፋው። መልሶ ማብራቱን ረሳ። ሾርባ አሙቆ ሲመጣ የአባባ ኦቶ ወንበር ባዶ ነው፤ ጃኬታቸው መስቀያው ላይ አለ። ክው አለ። የሚኒሶታ ብርድ ቀልድ አያውቅም፣ ፀሐይዋም እያዘቀዘቀች ነው።

ባልደረባው አይዳ ፖሊስ ስትጠራ እሱ ጃኬታቸውን ይዞ በሸሚዝ ወጣ። አባባ ኦቶ ሰው መንገድ ሲጠፋው የቤተ ክርስቲያኑን ማማ እያየ ይሂድ ሲሉ ሰምቷቸው ስለነበር፣ ጥግ ላይ ወዳለው ቤተ ክርስቲያን ሮጠ። በሩ ተቆልፏል፤ በረዶው ላይ ዱካ የለም። "ገደልኳቸው" አለ ለራሱ።

ሲመለስ ዓይኑ የመኪና ጩኸት ሰፈሩን እንዳይረብሽ ከሀይዌዩ ዳር በቆመው ረጅም የድምፅ መከለያ ላይ አረፈ። ግንብ! ሰውዬው ከከተማቸው ውጭ የቀሩ መስሏቸው በሩን እየፈለጉ ነው። እውነትም ከሥሩ የቤት ጫማ ዱካ አለ። እየወደቀ እየተነሣ ተከተለው።

አባባ ኦቶ በባዶ እጃቸው መከለያውን እየዳበሱ ነበር። ከንፈራቸው ጠቁሯል። ጃኬቱን ደረበላቸውና ሊጎትታቸው ሞከረ፤ ወይ ፍንክች!

"እናቴ ውስጥ ናት" አሉት። "በሩን ሳላገኝ አልሄድም።"

ለመከራከር ጊዜ የለም፤ ጉልበታቸው እየከዳቸው ነው።

"የበሩ ጠባቂ እኔ ነኝ" አላቸው እሸቴ። "ለእርስዎ ብዬ አልዘጋሁትም። ይምጡ።"

ትክ ብለው አዩትና እጃቸውን ሰጡት። መከለያው እስከሚያልቅበት ደግፏቸው ሄደ። ዱካውን ሲያገኝ ቦታውን በስልክ ነግሯት ስለነበር፣ አይዳ የላከችው አምቡላንስ እዚያ ደረሰ። ሠራተኞቹ አንሥተው አስገቧቸው። በሩ ሊዘጋ ሲል አባባ ኦቶ እጃቸውን ዘርግተው የእሸቴን ሸሚዝ ጨመደዱ።

"አንተስ? ውጭ ልታድር ነው? ግባ እንጂ ልጄ፣ መሽቷል።"

ያን ሁሉ መንገድ ያላለቀሰ ሰው፣ እንባው ዱብ ዱብ አለ። ገብቶ አጠገባቸው ተቀመጠ።