የጓሮው መንገድ

የባጃጅ ክላክስ በሰማሁ ቁጥር ዛሬም ድረስ ንድድ ይለኛል። ሹፌሮቹ ምን አጠፉ ብትሉኝ ምንም። ጨዋዎች ነበሩ፤ ያናደደኝም ጨዋነታቸው ነው።

አስራ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ አባቴ መርሳት ጀመሩ። ደምበጫ ላይ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሒሳብ ያስተማሩ ሰው፣ ቁልፋቸውን ስኳር ዕቃ ውስጥ ከትተው ሲፈልጉት ይውላሉ። እኔን በእህታቸው ስም ይጠሩኛል። ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸው። ነርሷ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ምን ሲሠሩ እንደሚውሉ ጠየቀችኝ። ደጃፍ ላይ ተቀምጠው አልኳት። መራመድ በሽታውን ባያጠፋውም ለአእምሮ እንደሚረዳ ነግራኝ፣ በየቀኑ አስነሺያቸው አለችኝ።

በማግስቱ ከዘራቸውን አስይዤ እስከ ቤተ ክርስቲያን ልንሄድ ወጣን። ጥቂት እንደተራመድን አንድ ባጃጅ አጠገባችን ቆመ። ሹፌሩ ተማሪያቸው የነበረ ነው።

«ጋሼ፣ እኔ እያለሁ እርስዎ በእግርዎ? ይግቡ።»

እምቢ ማለት ልጁን ማሳፈር ነው፤ ገቡ። በማግስቱ ሌላው ቆመ፣ በሦስተኛው ቀን ሌላው። ባጃጅ የሚነዳ ሁሉ እሳቸው ያስተማሩት ነበር መሰለኝ። ለአንዱ ነርሷ ያለችውን ብነግረው ገላመጠኝና ሽማግሌ በፀሐይ ታንከራትቻለሽ አለኝ። ወሬው ቀድሞኝ እናቴ ጋ ደርሷል። ልጅ አስተምሮ ለቁም ነገር ያበቃ ሰው አርፎ ይቀመጣል፣ ሰው ምን ይለናል ብላ ተቆጣችኝ። ከንዴቴ የተነሣ አለቀስኩ።

ከዚያ የጓሮው በር ትዝ አለኝ። ከባሕር ዛፉ ጀርባ ወደ ወንዙ የሚወርድ፣ ባጃጅ የማይገባበት ቀጭን መንገድ ነበር። ጠዋት ጠዋት ብርሃኑ በግንዶቹ መሃል ሾልኮ ይገባል፣ የረገጥነው ቅጠል ይሸታል፣ ከዘራው ጠጠሩን ቀጭ ቀጭ ያደርገዋል። አባቴ እየተራመዱ ማባዛት ይጠይቁኝ ጀመር። ስሳሳት በከዘራቸው ጫማዬን ነካ ያደርጉኛል። አንድ ጠዋት፣ ከሳምንታት በኋላ፣ ቆም አሉና በገዛ ስሜ ጠሩኝ።

«አስራ ሦስት ሲባዛ በሰባት ላይ ሁልጊዜ ትሰንፊያለሽ» አሉኝ።

እንዲህ ያለ ወቀሳ ምን ያህል ናፍቆኝ እንደነበር እንዴት ልንገራችሁ።

ክረምቱ ገብቶ መንገዱ ጭቃ ሆነ። ክረምቱ ሲወጣ ዩኒቨርሲቲ ደርሶኝ ደብረ ማርቆስ ሄድኩ። እናቴን እንድታስኬዳቸው ለመንኳት፤ እሺ አለች፣ አላደረገችውም። ዛሬ እሷ ራሷ ጉልበቷን እያሻሸች፣ ምነው ያኔ ባስኬድኳቸው ትላለች።

ለፋሲካ ስመለስ እናቴ የገዛችላቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«ማን ልበል?» አሉኝ።

ነገርኳቸው፤ አላወቁኝም። ግን ትንሽ ሲያዩኝ ቆዩና ከዘራቸውን አንስተው ተነሡ። ወደ ደጅ አልወጡም፤ ወደ ጓሮው ሄደው የበሩን መወርወሪያ ይዘው ይጠብቁኝ ጀመር። ሌሊቱን ያለወቅቱ ዘንቦ ነበር፤ እኔም ከመኪና መውረዴ ነው፣ ደክሞኛል።

«ዛሬ ጭቃ ነው አባዬ፤ ነገ እንሄዳለን። ይቀመጡ» አልኳቸው።

እኔም እንደ ሁሉም ሰው ይቀመጡ አልኳቸው። ታዘዙኝ።

በማግስቱ ፀሐይ ወጣ። የጓሮውን በር ከፍቼ ከዘራውን ሳቀብላቸው፣ አገላብጠው አዩትና የማን ነው አሉኝ።