እምብርት ያላት ብይ

ባለፈው ሰሞን ከተማሪዎቼ አንዷ ደወል እስኪደወል እንኳ ሳትጠብቅ ጠረጴዛዬ ድረስ መጣችና ጭብጧን ከፍታ «ቲቸር፣ ይችስ አሮጌ ናት?» አለችኝ። በማስተምርበት በገንዳ ውሃ ከተማ የኔን አመል የማያውቅ ልጅ የለም። ሰው ወርቅ ይሰበስባል፣ መሬት ይሰበስባል፤ እኔ ብይ እሰበስባለሁ። ትራክተር ከማሳ የገለበጣት፣ ጎርፍ አጥቦ ያወጣት፣ አሮጌ ቤት ሲፈርስ ከጭቃ ግድግዳ ውስጥ የወደቀች ብይ ሁሉ ዞራ ዞራ እኔ ዘንድ ትደርሳለች። ከልጅቷ እጅ ተቀበልሁና ዓይኔን ጨፍኜ በአውራ ጣቴ ዙሪያዋን ዳሰስሁ። የፋብሪካ ነበረች፤ ነገርኋትና መለስሁላት። ልጅቷ ግን ሳቀችብኝ። እውነቷን ነው፤ ብይ ይታያል እንጂ እንዴት ይዳሰሳል? ነገር ነገርን ያነሳዋልና፣ ይህን ዳሰሳ ማን እንዳስተማረኝና በተማርሁት ምን ጉድ እንደሠራሁበት ላውጋችሁ።

ልጅ እያለሁ መተማ ዮሐንስ ላይ ሴት ልጅ ብይ አትጫወትም ነበር። እኔ ግን እጫወት ነበር፤ አባቴ የሰሊጥ እርሻ ትራክተር ሾፌር ነዋ! ኩሽኔታ በተሰበረ ቁጥር ውስጡ ያሉትን የብረት ብዮች ናፍታ ናፍታ እንደሸተቱ በኪሱ ያመጣልኛል። የብረት ብይ የያዘ ሰው የሌላውን የመስታወት ብይ ሰነጣጥቆ ስለሚጥል፣ ወንዶቹ ጠላት ከምትሆነን ብለው አስገቡኝ። እኔ ደግሞ ከጨዋታው ይልቅ ብዮቹን ማየት ነበር የምወደው። ወደ ፀሐይ አቅንቼ፣ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ የአንዷን ሆድ ስመረምር ተራዬ ይደርስና «አንች ልጅ፣ ኧረ ወርውሪ!» እያሉ ያንባርቁብኛል። ከድንበሩ ማዶ ከገላባት ሱቅ የምትመጣው ብይ ውስጧ ቅጠል የመሰለ ቀለም አላት። ቅጠሉን ማን አስገባው? በየትስ በኩል? ቀዳዳ እኮ የላትም። አባቴን ስጠይቀው «በፋብሪካ ነው» ብሎኝ ወደ ምሳው ተመለሰ፤ ለሱ መልስ መሆኑ ነው።

መልስ ያገኘሁት ከአያ ሙሔ ነው። አያ ሙሔ በልጅነታቸው ከአባታቸው ጋር ከወሎ የመጡ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ማሾና ፋኖስ ሲጠግኑ የኖሩ ጎረቤታችን ናቸው። እኔ ሳውቃቸው ሥራውን ትተው ነበር። ሞራ ዓይናቸውን ጋርዶት ብርሃንና ጥላ ከመለየት በቀር አያዩም። ጠዋት ጠዋት አንገረብ የሚሏትን በገመድ የተወጠረች አልጋቸውን አስወጥተው ከበራቸው የኒም ዛፍ ሥር ይቀመጣሉ፤ ጥላው ሲዞር እሳቸውም አብረው ይዞራሉ። ከትራሳቸው ሥር የሱዳን ሻይ ቅጠል የነበረበት ቆርቆሮ አለ፤ ቆርቆሮው ውስጥ የልጅነት ብዮቻቸው አሉ። ሽበት ያለው ሰው ብይ አስቀምጦ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲያ ከዚያ አንገረብ ጠርዝ ማን ይንቀለኝ!

አንድ በአንድ በጣታቸው እየለዩ አስተማሩኝ። አረንጓዴዋ ወፍራሟ ብይ ድሮ ሱዳን ውስጥ ይሸጥ ከነበረ የለስላሳ ጠርሙስ አንገት የወጣች ናት፤ ያኔ ጠርሙሱ የሚዘጋው በቆርኪ ሳይሆን በብይ ነበር አሉኝ። ሽማግሌ ሲቀልድ ነው ብዬ አላመንኋቸውም፤ አድጌ ሳጣራ ግን እውነት ሆኖ አገኘሁት። ማሽን የሠራት ብይ ደግሞ ዙሪያዋ አንድ ዓይነት ነው፤ ጣት የሚያርፍበት ቦታ የላትም። በእጅ የተሠራችው ግን ሌላ ናት። ሠሪው መስታወቱን አቅልጦ፣ እንደ ሸንኮራ አርዝሞ፣ በትኩሱ በመቀስ እየቆረጠ ስለሚያድቦለቡላት፣ የተቆረጠችበት ላይ ሻከር ያለ ጠባሳ ይቀርባታል። እሳቸው ያን ጠባሳ እምብርት ነበር የሚሉት። እምብርት ያላት ብይ ሰው የወለዳት ናት ይሉኝ ነበር።

ከሁሉ አንዷ ትለያለች። አባታቸው በግመል እህል ጭነው ሱዳን፣ ገዳሪፍ ሲመላለሱ አንድ ጊዜ ይዘውላቸው የመጧት ናት። በሚቀጥለው ጉዞ አባታቸውን ንዳድ ያዛቸውና እዚያው ቀሩ፤ መቃብራቸውን እንኳ ያየ የለም። ስለዚህ አያ ሙሔ ከአባታቸው የቀረቻቸው ያች ብይ ብቻ ናት። ውስጧ ነጭ ክር እንደ ቀሚስ ጥልፍ ተጠላልፎ፣ በነጩ ላይ ቀያይ ክሮች ከታች ወደ ላይ ተጠምዝዘው ይወጣሉ። ወደ ፀሐይ አድርጌ ሳዞራት ክሮቹ የሚሄዱ ይመስሉኛል። ይህን ስነግራቸው አያ ሙሔ ፈገግ ይላሉ።

አንድ የመጋቢት ቀን ደሴ የሚባል የጨዋታ ጓደኛዬ እርሻ ውስጥ እንግዳ ብይ አገኘሁ ብሎ ፎከረ። ከአያ ሙሔ ብይ ጋር ካላስተያየኋት እንቅልፍ አይወስደኝም። ለመንኋቸው፤ እምቢ አሉ። ደግሜ ለመንኋቸው። ከዚህ በፊት ያች ብይ ከአጠገባቸው ርቃ አታውቅም፤ እኔን ግን አመኑኝና «ሳይመሽ መልሽልኝ» ብለው በጭብጤ አስቀመጡልኝ። የደሴ ብይ እምብርት የላትም፤ ነገሩ በአንድ ደቂቃ ለየለት። ያኔ መመለስ ነበረብኝ። አንድ ጊዜ ብቻ ልወርውራት አልሁ። እሳቸውስ ቢሆኑ ልጅ ሆነው አልወረወሯትም?

የቆላ ዋልካ አፈር በበጋ እንዴት እንደሚሰነጠቅ የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ የልጅ ክንድ እስከ ብብቱ ይገባል። ሁልጊዜ ስንጥቁን በአፈር ሳንደፍን ጨዋታ አንጀምርም፤ ያን ዕለት ችኮላዬ አሳወረኝ። ብይዋ የደሴን ብይ ገጨች፣ አልፋ ተንከባለለች፣ ስንጥቁ ውስጥ ጥልቅ አለች። እጄን ብሰድ አልደርስ አለኝ፤ ደሴ ሽቦ ሰደደ፣ እሱም አልሆነም። ከዚያ ነው ያች መከረኛ ብልሃት የመጣችልኝ፦ ውሃ ብንሞላበት ይዟት ይወጣል አልሁ። እናቴ ከአህያ ጋሪ የገዛችውን አንድ ጀሪካን ውሃ ጎትቼ አመጣሁና አንቆረቆርሁበት። ዋልካ ውሃ ሲጠጣ ምን እንደሚሆን የዚያ አገር ልጅ ሆኜ እንዴት እንደረሳሁት እንጃ። አፈሩ ጠጣ፣ አበጠ፣ ተናደ፤ ስንጥቁ ገጥሞ ምንም ያልነበረበት መሰለ። እስክንደክም በዶማ ቆፈርን። ጭቃ እንጂ ብይ የለም። ማታ እናቴ ስለ ውሃው ገረፈችኝ፤ እኔ ግን የማለቅሰው ለሌላ ነበር።

በማግስቱ ከሱቅ ብዮቼ በልክ የምትመስላትን መረጥሁና አባቴ የሰሊጥ ማጭድ ከሚስልበት ድንጋይ ላይ ውሃ እያረጠብሁ ፈገፈግኋት። የጣቴ ቆዳ እስኪላጥ ፈገፈግሁ። እምብርት አበጀሁላት። ያስተማሩኝን እሳቸውን ማታለያ አደረግሁት፤ ዛሬም ሳስበው ፊቴ ይግላል። ሄጄ በእጃቸው አኖርሁላቸው። አያ ሙሔ በአውራ ጣታቸው አንድ ዞሩባት፤ ደግመው ዞሩባት። ከዚያ በፊት ጠይቀውኝ የማያውቁትን ጠየቁኝ።

«በይ እስኪ መልኳን ንገሪኝ» አሉ።

የሱቅ ብይ አስይዤ የጠፋችዋን መልክ ነገርኋቸው። ነጩን ጥልፍ፣ ቀያዮቹን ክሮች፣ አወጣጣቸውን። እሳቸው ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ። በማግስቱም ንገሪኝ አሉ፤ በሳልስቱም። ልማድ ሆነ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ደብተሬን ሳልጥል አንገረቡ ላይ ቁጭ እላለሁ። ጥያቄያቸው ደግሞ ቀላል አልነበረም። ክሩ ወደ ቀኝ ነው ወደ ግራ የሚዞር? ቀይ ስትይ እንደ በርበሬ ነው ወይስ እንደ ከርከዴ? ለመመለስ ዓይኔን እጨፍናለሁ። በርበሬ ላይ አፈጥጣለሁ፣ የከርከዴ ሻይ በብርጭቆ ሲቀዳ አፈጥጣለሁ፣ እናቴ ይች ልጅ ምን ነካት ትላለች። እውነት ለመናገር ደስ ይለኝ ጀምሮ ነበር። ዋሾ መሆኔን የማስታውሰው ወደ ቤት ስመለስ ነው።

በዓመቱ ሐኪሞች ገንዳ ውሃ መጥተው ሞራ በነጻ ይገፍፋሉ የሚል ወሬ መጣ። የፈሩት ይደርሳል ማለት ይኸው ነው። ሰፈሩ ሁሉ ለአያ ሙሔ እልል ሲል እኔ ሮጬ ቤት ገባሁ። ልጃቸው ደግፎ መኪና ሲያሳፍራቸው ወደ እኔ ዞረው፣ ዓይኔ ከበራ መጀመሪያ የማያት እሷን ነው አሉኝ። ቆርቆሮውን ለእኔ አደራ ሰጥተው ሄዱ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ያን ዕለት ዓይናቸው እንዳይበራ ጸለይሁ። ወዲያው ደነገጥሁና ይብራላቸው ብዬ ጸለይሁ። ሁለቱን ጸሎት እያፈራረቅሁ ሦስት ቀን ከረምሁ።

በራላቸው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ! ሲመለሱ ቆርቆሮውን በእናቴ እጅ ላክሁና ተደበቅሁ፤ በሁለተኛው ቀን አስጠሩኝ። ስቀርብ ከእግሬ እስከ ራሴ ተመለከቱኝና በድምፅሽ ወፍራም መስለሽኝ ነበር፣ ለካ ቀጭን ነሽ አሉ። ቆርቆሮው ጭናቸው ላይ ተከፍቷል፤ የኔዋ የሱቅ ብይ መዳፋቸው ላይ አለች። ምንም ሳይጠይቁኝ ለቅሶዬ ቀደመኝ። ስንጥቁን ተናገርሁ፣ ጀሪካኑን ተናገርሁ፣ የማጭዱን ድንጋይ ተናገርሁ። እስክጨርስ አላቋረጡኝም።

«ኸላስ፣ በቃ» አሉ በመጨረሻ። «ይችንማ ያን ዕለት በእጄ ስትገባ ነው ያወቅኋት። የኔዋ እምብርቷ ሁለት ነው፤ ከታችም ከላይም ነው የምትቆረጥ። የላዩ ትንሽ ስለሆነ አላየሽውም። አንች አንዱን ብቻ ሠራሽ።»

ታዲያ ዓመት ሙሉ ለምን ዝም አሉኝ ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ዓይኔ ከጠፋ ጀምሮ ያች ብይ ትራሴ ሥር ሆና አይቻት አላውቅም» አሉኝ። «ከጠፋች በኋላ ግን በየቀኑ አሳየሽኝ። ብናገር ኖሮ ትመጭ ነበር?»

አመሌ አይለቀኝምና እንባዬ ሳይደርቅ ቀያዮቹ ክሮች በእውነት ስንት እንደነበሩ ጠየቅኋቸው። አያ ሙሔ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። መጀመሪያ ሦስት ብለሽኝ ነበር፣ ክረምት ሲገባ አራት አደረግሻቸው አሉኝ። የቱ ልክ ነው ብላቸው እሳቸውም ረስተውታል። ትንሽ አሰቡና፣ አራቱ ያምራል፣ ተይው አሉ።

አያ ሙሔ ካረፉ ቆይቷል። የብይ ሰፈራችንም ቤት በቤት ሆኗል፤ የዛሬ ልጆች በስልክ ነው የሚጫወቱ፣ እኔም አልፈርድባቸውም፣ እኔ ራሴ ማታ ማታ በስልኬ የዓለሙን የብይ ፎቶ ስገላልጥ አመሻለሁ። ማጉያ መነጽር አለኝ፣ መሳቢያ ሙሉ ብይ አለኝ፤ አምጡልኝ፣ የእጅ ትሁን የማሽን ወዲያው እለያታለሁ። ያችን አንዷን ግን መለየት አቅቶኛል። ባለ ሦስት ክር ሳገኝ ይችው ናት እላለሁ፤ ባለ አራት ሳገኝም ይችው ናት እላለሁ። ጭንቅላቴ ውስጥ የቀረችው ያየኋት ትሁን የነገርኋት አላውቅም። ያኔ የነበረችን አንዲት የጠፋች ብይ ናት፤ ዓይነ ስውር ሽማግሌና ዋሾ ልጅ ተጋግዘን በየቀኑ እናያት ነበር። ዛሬ ብይ የሚያመጣልኝ ሰው ሁሉ አሮጌ ናት ወይ፣ ስንት ታወጣለች ይለኛል። መልኳን ንገሪኝ ያለኝ ግን ከዚያ ወዲህ አንድም ሰው የለም።