የእትዬ ጥሩነሽ የክረምት ኮርቻ

ቡሬ ውስጥ ከጋሼ ታከለ ኮርቻ ቤት ሥራ የጀመርኩ ዕለት ዝናብ ይጥል ነበር። ከፍኖተ ሰላም ስመጣ ወስፌና መርፌ የሚያስጨብጡኝ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ውኃ ውስጥ ያደረ ጠፍር ሰጡኝና «ጎትት» አሉኝ። ጎተትኩት፤ ተለጠጠ።

«አየህ? በበጋ ሁሉም ኮርቻ ጥሩ ነው። ሰው የሚወድቀው በክረምት ነው» አሉኝ።

ጋሼ ታከለ ካረፉ ወዲህ ቤቱን የያዝኩት እኔ ነኝ። ዛሬ አስፋልቱን ባጃጅ ሞልቶታል፤ ጎረምሳው ሞተር ይወዳል። ሰኔ ገብቶ ጭቃው ጎማ መዋጥ ሲጀምር ግን የገጠሩ ሰው ወደ ፈረሱ ይመለሳል።

የክረምት ዕቃ ከበዓል ዕቃ ይለያል። ኮርቻው ላይ የሚለበሰው ጥለትና ዘርፍ የበዛበት ግላስ ውኃ ሲጠጣ ለፈረሱ ሌላ ጭነት ነው። ላስቲክ ዝናብ ይከለክላል፤ ነፋስ ሲመታው ግን እየተንኮሻኮሸ ፈረስ ያስደነብራል። የእግር አውራ ጣት ብቻ የሚያስገባው የጥንቱ እርካብም ቦት ጫማ ላደረገ አይሆንም፤ ሰፊ ያስፈልገዋል።

አንድ የሐምሌ ጠዋት አያ ደምሌ የሚባሉ ገበሬ ባለቤታቸውን እትዬ ጥሩነሽን በዳማ ፈረስ አስቀምጠው፣ እሳቸው እየሳቡ በእግራቸው መጡ። እትዬ ጥሩነሽ ሳንባቸውን ታመው ክረምቱን ሙሉ ሆስፒታል እንዲመላለሱ ታዘው ነበር። ከቀበሌያቸው እስከ ቡሬ በዚያ ወቅት መኪና አያልፍም።

«ብርድ የማያስገባና የማይጥላት ኮርቻ ሥራልኝ» አሉኝ አያ ደምሌ።

እሳቸውን አውርደን መደብ ላይ ካስቀመጥን በኋላ አሮጌውን ኮርቻ ሳወርድ የፈረሱ ጀርባ ተልጦ አየሁ።

«አያ፣ ይህ ፈረስ እንዲህ ሆኖ አይጫንም።»

«እሱ ካልተጫነ እሷ መድኃኒቷን በምን ታገኛለች?» ብለው ተቆጡ።

እትዬ ጥሩነሽ ከመደቡ ላይ ሆነው «ለኔ ብላችሁ እንስሳውን አትጨርሱት። እሱም ነፍስ አለው» አሉ። ሳል አቋረጣቸው።

የእንስሳት ሐኪም ጠራሁ። ቁስሉን አጥቦ መድኃኒት ቀባውና «ምንም ካልነካው ይድናል» አለ። እነሱ ቁስሉ እስኪድን ከተማ ዘመድ ቤት እንዲሰነብቱ ለመንኳቸው፤ እሺ አሉኝ። ከኮርቻው ሥር የሚነጠፈውን ከወፍራም የሱፍ ባና ደራርቤ፣ ቁስሉ ላይ የሚያርፈውን ክፍል ቆርጬ አወጣሁት። እንጨቱንም ከኋላ ከፍ አድርጌ ድካም ላለበት ሰው መደገፊያ አበጀሁለት።

ሥራው ላይ እያለሁ አያ ደምሌ ብቻቸውን መጡ። የለበሱትን በርኖስ አውልቀው «ይሄን በሷ ቁመት ቁረጠው» አሉኝ።

«እርስዎስ?»

«እኔን ዝናብ ያውቀኛል።»

በማግስቱ ደግሞ እትዬ ጥሩነሽ፣ ባላቸው ፈረሱን ውኃ ሊያጠጡ ሲሄዱ ጠብቀው ጠሩኝ። «ልጄ፣ እሱ በእግሩ ነው የሚሄደው። ትናንት ሲንቀጠቀጥ አይቸዋለሁ። እኔ አልኩ እንዳትል እንጂ በርኖሱን አታስጥለው።»

አያ ደምሌ ሲመለሱ በርኖሱን መልሼ ሰጠኋቸው። «አያ፣ በርኖስ ሲረጥብ ይከብዳል። የታመመ ትከሻ አይችለውም» አልኳቸው። እውነትም ነው። ትንሽ አዩኝ፤ ከዚያ መልሰው ለበሱት።

ለእትዬ ጥሩነሽ ውኃ ከማያሳልፍ ስስ ሸራ ካባ ሰፋሁ። ውስጡን በበግ ለምድ ገበርኩት፤ ጫፉንም ኮርቻውንና የፈረሱን ወገብ እንዲሸፍን አስረዘምኩት።

የፈረሱ ቁስል ሲጠግግ እሳቸውን በአዲሱ ኮርቻ አስቀምጠን በባልዲ ውኃ አፈሰስንባቸው። ግቢውን ስናዞራቸው የሆዱ ጠፍር ላላ። በወፍራም የጥጥ መቀነቻ ተካሁት፤ ጥጥ ሲረጥብ ይጠብቃል እንጂ አይላላም። እንደገና አፈሰስን። እትዬ ጥሩነሽ እጃቸውን በካባው ሥር አስገብተው ቀሚሳቸውን ዳሰሱ። «ደረቅ ነኝ! ኧረ ጨምሩ!» ብለው ሳቁ። ሲስቁ ያየሁት ያኔ ነው።

ክረምቱን ሙሉ በደጄ ሲያልፉ አያቸው ነበር፤ እሳቸው በካባው፣ አያ ደምሌ በበርኖሱ። አንዳንድ ቀን ሲዘገዩ ከበሩ ላይ ቆሜ መንገዱን እመለከት ነበር።

ከመስቀል በኋላ አንድ ፀሐያማ ቀን ሁለቱም በእግራቸው መጡ። ፈረሱ ባዶውን ይከተላቸዋል፤ ኮርቻውን አያ ደምሌ ተሸክመውታል። በፈረሱ ጀርባ፣ በቁስሉ ቦታ፣ ነጭ ጠጉር በቅሏል።

«ምን ሆነ? ተሰበረ?» አልኳቸው።

«አልተሰበረም። ጠበባት» አሉ አያ ደምሌ። «ስንመጣ ፈረሱም ይረፍ ብላ በእግሯ መጣች፤ ስንመለስ እንድትቀመጥበት አስፋልኝ።»

እትዬ ጥሩነሽ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ሳቁ።

ኮርቻውን ዕለቱን አሰፋሁት።

ከዚያ ወዲህ የክረምት ዕቃ ሊያሠራ የሚመጣውን ሰው፣ ማን እንደሚቀመጥ ብቻ ሳይሆን ማን በእግሩ እንደሚከተልም እጠይቃለሁ። ከኔ ሥራውን የምትማሩ ልጆችም እንዲሁ ጠይቁ።