ሳትተኛ የተፎከረባት ነብር

ኅዳር ነበር። ገብሱ ታጭዶ ተከምሯል፤ ጠዋት ጠዋት ውርጩ ሣሩን ነጭ ያደርገዋል። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ሆኖታል። እናንተ ያኔ አልተወለዳችሁም፤ ስለዚህ «ነብር ገዳዩ» ስትሉኝ አልቀየማችሁም። ዛሬ ግን ስሙን እንዴት እንዳገኘሁት ስሙኝ።

ካርማ የሚባል የኔፓል ሰው ወደ ቀያችን መጣ። በነሱ አገር በበረዶ ተራራ ላይ የሚኖር ነብር አለ፤ እያለቀ ነው አሉ። ካርማ ያንን ነብር ይዞ፣ በማደንዘዣ መርፌ አስተኝቶ፣ አንገቱ ላይ ሬዲዮ አስሮ ይለቀዋል። የት እንደሚውል ካወቀ በኋላ እረኞቹን «በዚህ በኩል አታሰማሩ» ይላቸዋል፤ በጉም ነብሩም ይተርፋል። እኛ ገደል ውስጥ የቀረችው አንዲት ነብር ብቻ ነበረች። ሰዉ በግ ጨረሰችብን ብሎ መርዝ ሊያበላት ቆርጧል። ሽማግሌዎቹ ግን «እንግዳው ይሞክር» ብለው ጊዜ ሰጡት።

ዱካ የማውቅ እኔ ስለሆንኩ መሪ ሆንኩ። የሚስቴ ወንድም ጥላዬ ዕቃ ተሸከመ፤ ሲበዛ ደግ ሰው ነው፣ አፉ ግን አያርፍም። ዱካዋ ከጓሳው ሣር ወርዶ በአፋፉ ጠባብ መንገድ ያልፋል። እዚያ የሽቦ ወጥመድ ቀበርን፤ ጫፉን በብረት ካስማ ቸነከርነው።

ካርማ በተማራት ጥቂት አማርኛ፣ «መርፌ፤ ከዚያ ዝም። እስክትተኛ ዝም» አለን።

ጥላዬም «እሺ ጌታዬ» አለ።

ጎሕ ሲቀድ እግሯን ተይዛ አገኘናት። ጉሙ ገደሉን ሞልቶት ነበር። ካርማ በመርፌ ጠመንጃው ታፋዋን መታት። አገሳች፤ ቀስ በቀስ አንገቷ ዘንበል አለ። ካርማ ጠጋ አለ።

በእኛ አገር ተኳሽ ዒላማውን ሲመታ ዝም ማለት ንቀት ነው። ጥላዬ እንግዳውን ማክበሩ ነበር፤ ዱላውን ሰብቆ፣ «ዘራፍ! የካርማ አሽከር!» ብሎ ፎከረ።

ገደሉ አስተጋባ። ነብሯ ደንብራ ተነሣች፤ ካስማው ተነቀለ። ከነሽቦዋ ካርማ ላይ ወጣች፤ ክንዱን ነክሳ ወደ አፋፉ ጎተተችው። ድንጋዩ ከእግሩ ሥር እየተናደ ሲወርድ ይሰማኛል። ምንሽር ጠመንጃዬን ጆሮዋ ሥር ደግኜ ተኮስኩ።

ካርማ ደሙ እየፈሰሰ ተሳበና ሆዷን ዳሰሰ። ጡቷ ወተት አግቷል።

«ልጆች አሏት» አለ።

ክንዱን በጋቢዬ እየጠመጠምኩ «ይቅር በለን» አልኩት። መሐል ሜዳ ከተማ ወስደን አሳከምነው፤ ከዚያ ወደ አገሩ ሄደ። ግልገሎቹን ጥላዬ እያለቀሰ ዋሻ ለዋሻ ፈለጋቸው። በመጨረሻ ያሉበትን ያሳየን አሞራ ነው።

መንደሩ ግን እልል አለ። ገዳይ መጣ ብለው አናቴን ቅቤ ቀቡኝ። ቅቤው በአንገቴ ሲወርድ የተሰማኝ ንዴት እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ሰው ለማትረፍ ነው የተኮስኩት፤ ዛሬም ቢሆን እተኩሳለሁ። የሚያንገበግበኝ፣ እሷን ሊያድን የመጣውን ሰው ለማዳን እሷኑ መግደሌ ነው።

ሠርግ ላይ ሽለላው ሲደምቅ «ይነሡ እንጂ ነብር ገዳዩ!» ትሉኛላችሁ። የማልነሣው እግሬን አሞኝ አይደለም። ዛሬ ጭላዳ ዝንጀሮው አፋፉ ላይ ያለ ሥጋት ይውላል፤ የሚፈራው የለም። እስቲ ከእናንተ መሃል ነብር በዓይኑ ያየ አለ?

አያችሁ፤ አንድም የለም። ከእንግዲህ ጋሼ ተክሌ በሉኝ፤ ይበቃኛል።